ይፋትን የሚወጋት ማነው?

ሸዋ ሮቢት ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚያቃጭለው እስር ቤቱ ነው። እውነትም ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በአፈሳ የተለቀሙ ወጣቶች፣ በነሐሴ 2008 ቂሊንጦ ሲቃጠል ከዚያ ተጭነው የወረዱ እስረኞች፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ያዩትን አይተዋል። እሱን ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። የዛሬው ጉዳይ ከእስር ቤቱ አጥር ውጭ፣ ያለ ዳኛና ያለ ፍርድ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚፈጸም ነው። ስለ መርፌ ነው የማወራችሁ። በተለይም «ዴክሳ» ስለሚሏት መርፌ።

ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ብርዱን ጣርማ በር ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነስቶ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል። ከዚያ ወዲያ ይፋት ነው። ሙቀቱ፣ ወባው፣ የሮቢ ወንዝ መስኖ፣ ማሾው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽንኩርቱ። መርካቶ «የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት» እያለ የሚጣራው ነጋዴ ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚመረት አይነግራችሁም። ሲተከልም፣ ሲኮተኮትም፣ ሲነቀልም ወገብ ለሁለት ታጥፎ ነው የሚዋለው። ከጧት እስከ ማታ። በዚያ ሙቀት!

ቀወት ውስጥ ከአንድ ማሳ ዳር ያገኘሁት የቀን ሠራተኛ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ጎልማሳ ነው። ስለ መርፌ ስጠይቀው ምንም አላፈረም፤ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ መቀመጫውን አሳየኝ። እንደ እንቁላል የደደረ እብጠት፣ ሁለት ቦታ።

«ወንድሜ፣ ሳልወጋ ከዋልኩ ወገቤ አይታዘዝም። ወገቤ ካልታዘዘ እንጀራ የለም። ሦስቱን ባንድ ላይ ነው የምወስደው» አለኝ።

ሦስቱ ማለት ዴክሳ፣ ዳይክሎና ቢ-ኮምፕሌክስ ናቸው። በአንድ ስሪንጅ ውስጥ ተቀላቅለው።

«ማነው የሚወጋህ?»

«በፊት ሰውዬው ነበር። አሁን እሱም የመውጊያውን ጨመረ። እኔው ራሴ እወጋለሁ። ምን ጥበብ አለው?»

ጥበብማ አለው። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን «ሰውዬው» የተባሉትን ላስተዋውቃችሁ። የቀድሞው ጦር ድሬሰር ነበሩ። አሁን ጠና ብለዋል፤ ቤታቸው አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የብረት ሣጥን አለ። የሠፈሩ ሰው «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «እኔ ዶክተር አይደለሁም» ብለው እቅጩን ይናገራሉ። ሥራቸው ሕገ ወጥ መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ጤና ጣቢያው ሲዘጋ እኔ በሬን አልዘጋሁም» አሉኝ።

ይህን ንግግር ለጤና ጥበቃ ቢሮ ሹማምንት በስጦታ አቀርባለሁ። መልስ ካላቸው ይመልሱላቸው!

የትኛው ሐኪም?

መንግሥት ለዚህ ሁሉ ያለው መልስ አንድ ነው፤ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አትውሰዱ!» ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በሬዲዮ ይነገራል። ሕጉም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ይህንኑ እንዲቆጣጠር ተሰይሟል። መልካም። ታዲያ የትኛው ሐኪም ነው የሚያዘው? የት ተቀምጦ?

እስቲ ይፋት ያየችውን እንቁጠር። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ነደደች። ቤቱና ሱቁ ዐመድ ሆነ፤ ሰው ነፍሱን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። በዓመቱ፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ራሱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርዶ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ እስክትለቀቅ ድረስ የሆነውን ነዋሪው ያውቀዋል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት፣ ሌላ አስቸኳይ ጊዜ፣ ሌላ የተዘጋ መንገድ። ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ከኬላ ኬላ የሚለመንበት ዘመን መጣ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ የመድኃኒት ዋጋ አብሮ ጣራ ነካ። በግንቦት 2017 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን ለወር ቀለብ አይበቃም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ የተሰጣቸው መልስ ምን ነበር? እስር! ሐኪሙን አስሮ ሕዝቡን «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትወጋ» ማለት ምን ዓይነት ፌዝ ነው?

«የጤና መድን አለላችሁ» ይላሉ። አዎ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የተባለው መድን ከ2003 ጀምሮ በአማራ ክልልም ተሞክሮ ተስፋፍቷል። ገበሬው መዋጮውን ይከፍላል፣ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፣ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ይመረመራል። በመጨረሻም አንዲት ብጣሽ ወረቀት ትሰጠዋለች፤ «ከውጭ ግዛ»። ከውጭ ከሆነማ መጀመሪያውኑ ለምን እሰለፋለሁ ቢል ይፈረድበታል? የቀን ሠራተኛው ደግሞ የዕለት ገቢውን ጥሎ ነው የሚሰለፈው። ዴክሳዋን ግን በአምስት ደቂቃ፣ ያለ ጥያቄ፣ ያለ ወረቀት ይገዛል። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ሞክሬዋለሁ። «ስንት አምፑል?» ነው የተባልኩት፤ «ለምን?» ያለኝ የለም።

ዴክሳ ምን ታደርጋለች?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ስቴሮይድ» ሲባል የቦሌ ልጅ ትዝ የሚለው ጂም ነው። ያ ሌላ ወገን ነው፤ ቴስቶስትሮንና ናንድሮሎን የሚባሉት፣ ጡንቻ ያሳብጣሉ የሚባልላቸው የወንዴ ሆርሞን ዘመዶች ናቸው። የእነሱም ዕዳ ቀላል አይደለም፤ የዘር ፍሬ ያሟሽሻሉ፣ መካን ያደርጋሉ፣ ወንዱን ጡት ያበቅሉታል፣ ልብና ጉበት ይጎዳሉ። ደረቱን አሳብጦ ልጅ መውለድ ያቃተው ጎረምሳ ለማን አቤት ይላል? እዚህ ግን የማነሳቸው የሌላኛው ወገን ናቸው፤ ዴክሳሜታዞን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ትሪያምሲኖሎን፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን። እብጠትና ብግነት የሚያበርዱ፣ የሰውነትን የመከላከያ ጦር ትጥቅ የሚያስፈቱ መድኃኒቶች።

ዴክሳን ስም አልሰጣትም፤ በቦታዋ ነፍስ አዳኝ ናት። ኮቪድ ጊዜ፣ በሰኔ 2012 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን ሲያወጡ፣ በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ሕሙማን ሞትን በሲሶ ያህል መቀነሱ ተነገረ። የእኛም ጤና ሚኒስቴር በዚያው ሰሞን ለጽኑ ሕሙማን እንዲውል ፈቀደ። ከዚሁ ጥናት የተረሳው ሌላው ግማሽ ግን ኦክስጅን ለማያስፈልገው በሽተኛ አንዳች ጥቅም አለመስጠቱ ነው። ሕዝቡ ጆሮ የደረሰው «ዴክሳ ታድናለች» የምትለዋ ብቻ ሆነች። የቀረውን ማን ይንገረው? ሕንድ አገር በ2013 ዓ.ም. ስቴሮይድ ያለልክ የተሰጣቸው፣ ስኳርም ያለባቸው የኮቪድ ሕሙማን ዓይንና አፍንጫቸውን «ጥቁር ፈንገስ» በሚሉት በሽታ ሲበላ ዓለም አየ። እኛ ጋ ዜና ሆኖ አለፈ።

ወደ ወገብ እንመለስ። ዴክሳ የተወጋ ሰው በማግስቱ ወፍ ሆኖ ይነሳል። ሕመሙ ይጠፋል፣ ምግብ ይጥመዋል፣ ጉልበት የተሰጠው ይመስለዋል፣ እንቅልፍም ይከለክለዋል። ዳነ ማለት ነው? አይደለም! ደወሉ ተሰበረ እንጂ እሳቱ አልጠፋም። የተጎዳው ወገብ እንደተጎዳ ሽንኩርት ይነቅላል፣ ጆንያ ይሸከማል።

ሲደጋገም ነው ዕዳው የሚመጣው። ስኳር ይጨምራል፤ ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ የኖረው ድንገት ይወድቃል። ደም ግፊት ይነሳል። ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ያብጣል፣ እግርና እጅ ይሰላል፤ ሰው «ወፈርክ፣ ተመቸህ» ይለዋል። ቆዳ ይሳሳል፣ ዓይን ላይ ሞራ ይወጣል። አጥንት ውስጥ ለውስጥ ይቦረቦራል፤ የጭን አጥንት ራስ፣ ያ ዳሌ ውስጥ የሚሽከረከረው ጉልላት፣ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ወገቡን ሊያድን የተወጋ ሰው በዳሌው ይሽመደመዳል ማለት ነው። ከዳይክሎፌናክ ጋር ሲሆን ደግሞ ጨጓራ ነው ጭዳ የሚሆነው። ሁለቱ በአንድነት ጨጓራን የማቁሰልና የማድማት ኃይላቸው ለየብቻ ካላቸው ይበልጣል። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ ካያችሁ ያ ደም ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል።

ይህ እንግዲህ የትም አገር ነው። ቆላ ላይ ሲሆን ሌላ ጉድ አለው። ዴክሳ ትኩሳትን ታበርዳለች። ወባ የያዘው ሰው ተወግቶ ላቡን ጠርጎ ማሳ ይገባል፤ ወባው ግን ደሙ ውስጥ ሥራውን ይሠራል። ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባን ዴክሳ ትረዳ ይሆን ተብሎ በታይላንድ ተሞክሮ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ መድኃኒቱ ሕሙማኑ ራሳቸውን ስተው የሚቆዩበትን ጊዜ ማራዘሙ፣ የሳምባ ምችና የጨጓራ መድማት ማብዛቱ ታወቀ። ዓለም ይህን ካወቀ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል! እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ መጀመሪያ ትኩሳቱን በዴክሳ አስተኝቶ ነበር? የመዘገበ የለም፤ የጠየቀም የለም።

የተኛ ሳንባ ነቀርሳም አለ፤ ስቴሮይድ ይቀሰቅሰዋል። በባዶ እግር ማሳ የሚገባ ሰው አንጀት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ስትሮንጊሎይደስ የሚባል ትል አለ። የሰውነት መከላከያ በስቴሮይድ ሲዳከም ትሉ ይራባና ወደ ሳምባ፣ ወደ አንጎል ሳይቀር ይዘምታል። ያኔ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ይኸኛው ራሳቸው የሚወጉትን በቀጥታ ይመለከታል። ከኩላሊት አናት ላይ የተቀመጡ ሁለት ዕጢዎች የራሳችንን ስቴሮይድ ያመርታሉ። ከውጭ ሲቀርብላቸው «እኛማ ምን አለፋን» ብለው ይተኛሉ። ለሳምንታት ሲወጋ የቆየ ሰው አንድ ቀን ገንዘብ ቢያጣ፣ ወይም ይህን ጽሑፍ አንብቦ ደንግጦ ቢያቆም፣ ዕጢዎቹ ቶሎ አይነቁም። ድካም፣ ማስመለስ፣ ማዞር፣ ራስን መሳት፣ ከበረታም ሞት። ስለዚህ ወገን፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ያለማቋረጥ የወሰዳችሁ ባንዴ አታቁሙ! ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ይህን ያህል ጊዜ ዴክሳ ወስጃለሁ» በሉ። አትፈሩ፣ አትዋሹም። እየተቀነሰ የሚቆምበት መንገድ አለ።

እዚህ ላይ ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር ቢኖር ሯጮቻችንን ነው። የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በመርፌ የሚሰጥ የዚህ ወገን ስቴሮይድን በውድድር ወቅት ከልክሏል። ትሪያምሲኖሎን ጡንቻው ላይ የተወጋ ስፖርተኛ ከሰውነቱ እስኪጠራ 60 ቀን እንዲጠብቅ ይመከራል። ለሯጭ 60 ቀን የሚቆጠርለት መድኃኒት ለሽንኩርት ነቃይ ያለ ቁጥር ይቸበቸባል። ሜዳሊያ ስለማያመጣ ይሆን?

መርፌውም ጥበብ አለው

አሁን ወደዚያ ጎልማሳ ጥያቄ ልመለስ፤ «ምን ጥበብ አለው?» ብሎኛል። ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አይወዱም። «ካስተማርናቸው ማበረታታት ይሆናል» ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ሰውዬው ዛሬም ይወጋል፣ ነገም ይወጋል። የእናንተ ዝምታ መርፌውን አላስጣለውም፤ መግል ብቻ ነው የጨመረለት። ደግሞስ ራስን መውጋት በራሱ ነውር ነው እንዴ? የስኳር በሽተኛ እናቶቻችን በየቀኑ ኢንሱሊን ራሳቸውን ይወጉ የለም? የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሴቶች ከቆዳ ሥር የሚሰጠውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ራሳቸው እንዲወጉ መክሮ የለም? ልዩነቱ አንድ ነው። ለእነሱ ያስተማራቸው አለ።

ስለዚህ እኔው እናገራለሁ፤ የሚከፋው ይከፋው። ሐኪም ያዘዘለትና ራሱ ለመውጋት የተገደደ ሰው ቢያንስ ይህን ይወቅ።

ሦስቱን መድኃኒት በአንድ ስሪንጅ መቀላቀል ይቅር። ዳይክሎፌናክ ከሌላ መርፌ ጋር አይቀላቀልም፤ የራሱ አምራቾች ጽፈውታል። ሒሳቡም አይሄድም። ዳይክሎ 3 ሚሊ ሊትር፣ ዴክሳ 1፣ ቢ-ኮምፕሌክስ 2፤ ድምሩ 6 ነው። የአዋቂ ሰው መቀመጫ ጡንቻ ባንድ ጊዜ የሚችለው ቢበዛ 5 ነው፣ ታፋ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ጎልማሳው መቀመጫ ላይ እንቁላል የበቀለው በአስማት አይደለም። ዳይክሎ በመርፌ ከሁለት ቀን በላይም አይሰጥም።

ቦታው። አብዛኛው ሰው ራሱን ሲወጋ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዞ መቀመጫው ላይ ነው፤ ሳያይ! መቀመጫ ውስጥ እስከ እግር ጣት የሚወርድ፣ እንደ ገመድ የወፈረ ነርቭ ያልፋል። መርፌው እሱን ካገኘው እግር ይሰልላል፤ ሲራመዱ ጣት መሬት ይጎትታል። ይፋት ውስጥ «መርፌ ወግቶኝ ነው» እያለ የሚያነክስ ሰው አይታችሁ አታውቁም? ለዚህ ነው ባለሙያ እንኳን መቀመጫን በሐሳቡ አራት ከፍሎ የላይኛውን የውጭ ሩብ ብቻ የሚመርጠው። ራሱን የሚወጋ ሰው መቀመጫውን ይተው። ታፋው ይሻለዋል፤ ከዳሌ አጥንት ጉብታ እስከ ጉልበት ያለውን ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ መካከለኛውን ሲሶ፣ በውጭ በኩል። ተቀምጦ፣ ጡንቻውን አላልቶ፣ እያየ። ክንድ ላይ አይሆንም። ነጭ ወተት የመሰሉት ትሪያምሲኖሎንና ሜቲልፕሬድኒሶሎን አሴቴት ደግሞ ቤት ውስጥ በፍጹም አይሞከሩም። መቀመጫ ውስጥ ጠልቀው ነው የሚሰጡት፤ ከላይ ከቀሩ ሥጋውን ያሟሽሹና ጉድጓድ ይተዋሉ፤ ደም ሥር ከገቡ ደግሞ አደጋ ናቸው። እነሱ የባለሙያ እጅ ብቻ ይፈልጋሉ።

እጅ በሳሙና ይታጠባል። ስሪንጁም መርፌውም በዚያች ቅጽበት ከማሸጊያው የወጣ አዲስ ይሁን። የአምፑሉ ጽሑፍ ይነበባል፤ ስሙ፣ መጠኑ፣ ጊዜው። ዴክሳ እንደ ውኃ የጠራች ናት፤ ከደፈረሰች ወይም ዝቃጭ ካለባት ትጣል። የአምፑሉ አንገት በአልኮል ይጠረጋል፣ ቆዳውም እንዲሁ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እፍ አይባልበትም! አየሩ ይወጣል። መርፌው ቀጥ ብሎ፣ እንደ ችካል ይገባል፤ ጋደም ካለ ጡንቻ ሳይሆን ስብ ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ወደ ኋላ ሲሳብ ደም ከመጣ ይወጣና በአዲስ ይጀመራል። እንደ ኤሌክትሪክ እግር ውስጥ የወረደ ሕመም ከተሰማ ወዲያው ይነቀል። መድኃኒቱ በዝግታ ይገፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላኛው ታፋ። ክዳኑን መልሶ መክተት የራስን ጣት መውጋት ነው፤ ያገለገለው እንዳለ ወፍራም የፕላስቲክ ጀሪካን ውስጥ ይግባ እንጂ ሕፃናት የሚጫወቱበት አጥር ሥር አይጣል። የተወጋው ቦታ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ በትኩስ ጨው ውኃ ማሸት አይደለም መድኃኒቱ፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማስከፈት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ መርፌ ለሁለት ሰው፣ አንዲት ብልቃጥ ለጓደኛሞች የሚባል ነገር ይብቃ። ያለፈው ትውልድ ስሪንጅ የሚቀቀልበትን ጊዜ ያስታውሳል፤ ኤድስ ሲመጣ ደግሞ ሰው የራሱን መርፌ ገዝቶ በኪሱ ይዞ ነበር ሐኪም ቤት የሚሄደው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ በዓለም ላይ ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ሰበብ 21 ሚሊዮን ሰዎች በጉበት ቫይረስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በጉበት ቫይረስ ሲ፣ 260,000 በኤች አይ ቪ ተይዘዋል ብሎ ገምቶ ነበር። ማሳ ዳር አብረው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች አንድ ስሪንጅ እየተቀባበሉ እንደሚወጉ ጎልማሳው ራሱ ነግሮኛል። «አልኮል እናደርግበታለን» አለኝ። የሰው ደም የገባበት ስሪንጅ በአልኮል አይጸዳም፣ ወንድሜ!

ዘመቻውን እናውቀዋለን

ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ምን እንደሚከተል ከወዲሁ ልንገራችሁ። ከወረዳው ሁለት ሰው በሞተር ብስክሌት ይላካል። ድሬሰሩ ሽማግሌ ይታሰራሉ፣ የብረት ሣጥናቸው ይወረሳል፣ ፎቶ ተነስቶ «ሕገ ወጥ መርፌ ወጊ በቁጥጥር ሥር ዋለ» ይባላል። አምፑሉን በካርቶን የሚያወርደው ጅምላ ነጋዴ ግን አይነካም። ሽማግሌው ሲታሰሩ ጎልማሳው ምን ያደርጋል? የባሰ ነገር፤ ብቻውን፣ በጨለማ፣ መቀመጫው ላይ።

ሽማግሌው ትክክል ናቸው እያልኩ አይደለም። አይደሉምም። ሦስቱን ቀላቅሎ መውጋትን ለቆላው ያስተማሩት እሳቸውና መሰሎቻቸው ናቸው። ግን ማሰሩ የሚቀድመው ከማነው? ሕዝብን ያለ ጤና ጣቢያ ያስቀረ ባለሥልጣን ሲታሰር ያየ አለ?

አዲስ አበባ ላይ ኮሪደር ልማት ተብሎ ሌሊቱን ቀን የሚያስመስለው አምፖል ተደርድሯል። እኔ ብርሃን አልጠላም። የይፋት ጤና ኬላ ግን የሚያስፈልገው የዚያን አንድ ምሰሶ ዋጋ ነው፤ ሳሙና፣ ጓንት፣ የወባ መመርመሪያ፣ ስኳር መለኪያ፣ ደም ግፊት መለኪያ። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አስቀምጦ ነበር፤ መርፌ ያውቃሉ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውን ሲወጉ የኖሩት እነሱው ናቸው። ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን አንዷ ማሳ ድረስ ብትመጣ፣ የተወጋበትን አይታ፣ ስኳሩንና ግፊቱን ለክታ፣ ወገቡን ያመመውን ወደ ሐኪም ብትልከው ምን ይጎድላል? ደመወዟ በወቅቱ መከፈሉ ብቻ ነው። የሽንኩርት ባለሀብቱም ይጠየቅ። ያ ወገብ የታጠፈው ለእሱ ትርፍ ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው መሣሪያና የቀትር ዕረፍት ከዴክሳ ይረክሳሉ።

መድኃኒት ቤቶቹ ደግሞ ስቴሮይድ የሸጡበትን የሐኪም ወረቀት ያሳዩ። የገባው አምፑል ስንት፣ በወረቀት የወጣው ስንት? ይህ ቆጠራ አንድ ከሰዓት ነው የሚፈጀው። ሞተር ብስክሌቱ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ። ሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ አማራውም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም፣ አፋሩም ይገናኛል፤ ስለ ምርጫና ስለ መዋጮ ሲሆን ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና እዚያ ድረስ ትመጣለች፣ በየቋንቋውም ትናገራለች። ስለ ዴክሳ ለመናገር አንድ እሑድ ነዳጅ ይጠፋ ይሆን?